«ምን ማለቱ ነው?» ከፍርድ የሚቀድም ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰው ከሰው ጋር የሚጣላው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሁለቱ አንድ ነገር ላይ የተለያየ ፍላጎት ሲኖራቸው ነው። ሁለተኛው አንዱ የተናገረውን ሌላው ሌላ አድርጎ ሲሰማው ነው። የመጀመሪያውን ጠብ ሽማግሌ ያበርደዋል፤ ካልሆነም ዳኛ ይፈርድበታል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ተከሳሹ ስላላለው ነገር መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ከሳሹም በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል፤ ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን አልተግባቡም።

ለመሆኑ የሰውን ንግግር ተረዳን የምንለው መቼ ነው? ቃሉን ስንሰማ ነው? መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ ነው? ወይስ የተናጋሪውን ልብ ስናውቅ ነው? ከተናገረው ተነስተን ያልተናገረውን በእርሱ ላይ ልንጭን የምንችለውስ እስከ የት ድረስ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የፈላስፎች የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን የእኛም ዑለማዎች ብዙ የደከሙባቸው፣ ሕዝቦችንም ለጦርነት የዳረጉ፣ በየዕለቱ በየደጃችን የሚገጥሙን ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በአላህ ፈቃድ አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን።

የቃል ሥርና የተናጋሪ ሐሳብ

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ መስቀል ፍላወር የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳት «መስቀል ፍላወር!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው ሁሉ የት እንደሚወስደው ያውቃል። ቃሉን ፈታ አድርገን ብናየው ግን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ትርጉሙም የመስቀል አበባ ማለት ሲሆን፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው፣ እኛ አደይ አበባ የምንለው ነው። ይሁን እንጂ ታክሲው ውስጥ የተቀመጠ ሰው አበባ ፍለጋ አልወጣም። ሙስሊሙ ተሳፋሪም «መስቀል ፍላወር ወራጅ አለ» ሲል ስለ መስቀል የሰጠው አንዳችም ምስክርነት የለም፤ የተናገረው የሚወርድበትን ቦታ ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም «አንዋር መስጊድ ጋ እንገናኝ» ቢለን ስለ እምነቱ የነገረን ነገር የለም።

ከዚያው ክፍለ ከተማ ሌላ ስም እንጨምር፤ ካዛንቺስ። ይህ ስም የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ቤቶቹን የሚያሠራው ተቋም በጣልያንኛ ምኅጻሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶች ማለት ደግሞ ካዜ ነው። ካዜ ኢንቺስ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ሄደ፤ ተቋሙም ተረሳ፤ ስሙ ግን ቀረ። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ሰው የሰፈሩን ስም ሲጠራ ለወራሪው መታሰቢያ እያቆመ ነው ብንለው ይስቅብናል፤ እውነትም አለው።

ጀርመናዊው የሎጂክ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬጌ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ስም የሚያመለክተው ነገር ሌላ፣ ያንን ነገር የሚያሳይበት መንገድ ደግሞ ሌላ መሆኑን አስረድቷል። የአጥቢያ ኮከብና የምሽት ኮከብ የሚሉት ስሞች ሁለት ናቸው፤ የሚያመለክቱት ግን አንዲቱን ዙህራን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የአጥቢያ ኮከብን አየሁ ቢል፣ እኛ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ስላወቅን ብቻ እርሱም የምሽት ኮከብን ማየቱን ያውቃል ልንል አንችልም። የእኛ እውቀት የእርሱ እውቀት አይደለምና።

ይህ ነገር ለኡሱሉል ፊቅህ ሰዎች አዲስ አይደለም። የቃልን ትክክለኛ ፍች በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው የቋንቋ ፍቹ (ሉገዊያ)፣ ሁለተኛው ልማድ የሰጠው ፍች (ዑርፊያ)፣ ሦስተኛው ሸሪዓ የሰጠው ፍች (ሸርዒያ) ነው። ሰላት በቋንቋ ፍቹ ዱዓ ነው፤ በሸሪዓ ግን በተክቢራ ተጀምሮ በተስሊም የሚጠናቀቅ የታወቀ ዒባዳ ነው። ዳባ የሚለው ቃል በቋንቋ ፍቹ በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ነው፤ በልማድ ግን አራት እግር ላለው እንስሳ ይነገራል። እንግዲህ አንድ ሰው በልማድ ፍቹ የተናገረውን ቃል፣ በቋንቋ ሥሩ ይዘን ልንከሰው አይገባም ማለት ነው። የቃል ሥር ታሪክ ነው፤ የተናጋሪ ሐሳብ ግን ዛሬ የተናገረው ነው።

ፊደል የማይነግረን

የተጻፈ ነገርስ? «ጽሑፉ ይኸው፤ ምን ያከራክራል?» የሚሉ አሉ። እስቲ «ሰውየው ይመታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡት። «ይመታል» አላልቶ ሲነበብ ሰውየው ሌላውን ይመታል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ሰውየው ራሱ ተመቺ ይሆናል። አንዱ በዳይ፣ አንዱ ተበዳይ ነው። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይምና በወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንባቢው ከፊትና ከኋላው ያለውን አይቶ፣ ስለ ሰውየውም የሚያውቀውን ጨምሮ ይፈርዳል። በዐረብኛም ሐረካ ያልተደረገበት ጽሑፍ ተመሳሳይ ችግር አለበት። ስለዚህ በጽሑፉ ብቻ ነው የምሄደው የሚል ሰው እንኳ ሳያውቀው በየመስመሩ ይተረጉማል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሁሉም ቃላት ግልጽ ሆነው አገጣጠማቸው ሁለት መንገድ ሲኖረው ነው። የዕድር ጸሐፊ ቆሞ «አባላቱ ሁሉም አልመጡም» ቢል ምን ማለቱ ነው? አንድም ሰው አልመጣም ማለቱ ነው? ወይስ ከመጡት ሌላ የቀሩም አሉ ማለቱ ነው? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። በሎጂክ ቋንቋ ግን በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ስለ እያንዳንዱ ሰው ይክዳል፤ ሁለተኛው የሚክደው ሁሉም የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ሰባኪ «ነጋዴ ሁሉ ሐቀኛ አይደለም» ሲል ሐቀኛም አታላይም አለ ለማለት ፈልጎ ሳለ፣ ነጋዴው ጎረቤት ግን መላው ነጋዴ እንደተሰደበ አድርጎ ይሰማዋል። ይህንን ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቆርጦ በስልክ ለሺህ ሰው የሚልክ ቢገኝ ደግሞ፣ ከሺሁ ውስጥ ተናጋሪውን «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ስንት ይሆናል?

የባግዳዱ ክርክር

ሎጂክ ያለ ቋንቋ፣ ቋንቋም ያለ ሎጂክ ይበቃል ወይ? የሚለው ጥያቄ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ በሚኒስትሩ በኢብን አል-ፉራት መጅሊስ ላይ ተነስቶ ነበር። ተከራካሪዎቹ የግሪክን ሎጂክ የሚያስተምረው ክርስቲያኑ አቡ ቢሽር መታ እና የሰዋስው ሊቁ አቡ ሰዒድ አስ-ሲራፊ ነበሩ። ክርክሩን በጽሑፍ ያቆየልን አቡ ሐያን አት-ተውሒዲ ነው።

መታ ሎጂክ እንደ ሚዛን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ትክክለኛውን ንግግር ከተሳሳተው የምንለይበት ነው አለ። አራትና አራት ስምንት መሆኑ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ የአእምሮ ሐሳቦችም ለሁሉም አንድ ናቸው ሲል አስረዳ። አስ-ሲራፊ የመለሰለት መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሚዛን የትኛው እንደሚከብድ ይነግርሃል፤ የሚመዘነው ነገር ብረት ይሁን ወርቅ ግን ከየት ታውቃለህ? አለው። የሰዎች ጉዳይ ሁሉ እንደ አራትና አራት ግልጽ ቢሆን ኖሮም ልዩነት ባልኖረ ነበር አለው። ቀጥሎም ስለ አንዲቷ የዐረብኛ ፊደል፣ ስለ «ዋው» ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ጠየቀው፤ መታም ይህ የሰዋስው ሥራ ነው፤ አልተመለከትኩትም ብሎ መለሰ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ለእኛም ይገባናል። ዘይድ ከወንድማማቾቹ ይበልጣል ማለትና ዘይድ ከወንድሞቹ ይበልጣል ማለት ልዩነት አላቸው ወይ? ሲል ጠየቀው። መታ ሁለቱም ትክክል ናቸው አለ። አስ-ሲራፊ ግን የመጀመሪያው ልክ፣ ሁለተኛው ስሕተት ነው አለ። በዐረብኛው አባባል የሚበልጠው ከሚበለጡት መካከል አንዱ መሆን ሲኖርበት፣ ዘይድ ግን ከወንድማማቾቹ አንዱ ነው እንጂ ከራሱ ወንድሞች አንዱ አይደለምና።

ከዚህ ክርክር የምንወስደው ሎጂክ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። አል-ፋራቢ ሁለቱን አስታርቋቸዋል። ሰዋስው የአንድን ሕዝብ ንግግር ሥርዓት ይሰጣል፤ ሎጂክ ደግሞ ለሁሉም ሕዝብ የጋራ የሆነውን የሐሳብ ሥርዓት ይሰጣል ብሏል። ኢማሙ አል-ገዛሊም (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) አል-ሙስተስፋ በተባለው የኡሱል መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ መንጢቅን አስቀድመዋል። ኢብኑ ተይሚያን የመሳሰሉ ዑለማዎች ደግሞ የሎጂክ ሰዎችን ሰፊ ትችት አቅርበውባቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሎጂክ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን ግን ሎጂክ አያመጣልንም። የተናጋሪውን ቃል አዛብተን ካስቀመጥን በኋላ ሚዛኑ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ፍርዳችን የተዛባ ነው።

«ይቻላል» እና «ግድ ነው»

አንድ ቃል ብቻ ተዛብቶ የሚያስከትለውን ለማየት ወደ ወሎ፣ ወደ ውጫሌ እንሂድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1889) አፄ ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ በዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ መሆናቸውንና እኩል ሕጋዊ መሆናቸውንም ውሉ ራሱ በ19ኛው አንቀጽ አረጋገጠ። ችግሩ ግን ከዚያ ሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ፣ በ17ኛው ላይ ነበር።

በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን በጣልያን መንግሥት በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነው። ጣልያንም ይህንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። አፄ ምኒልክ ጉዳዩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ፣ በጣልያን በኩል ነው መላክ ያለበት የሚል መልስ ሲያመጣ ነው። አንቀጹን ለማስተካከል ብዙ ተደከመ፤ አልሆነም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ከዚያም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ሙሉ ነፃነት ታወቀ።

ልብ በሉ! ፊቅህ የተማረ የመድረሳ ልጅ እንኳ ይህንን ስሕተት በስሙ ይጠራዋል። ሙባሁን ዋጂብ አደረጉት ይላል። የሚቻል ነገር ሁሉ ግዴታ አይደለም። ግዴታ የሆነ ነገር የተፈቀደ መሆኑ አይቀርም፤ የተፈቀደው ግን ግዴታ ነው ማለት አይቻልም። ይህ የሎጂክ ሀሁ ነው። ለዚህ ሀሁ ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሕይወቱን ገብሯል።

በእኛም መንደር ትንንሽ ውጫሌዎች ሞልተዋል። ቤት አከራይ ተከራዩን «በየሦስት ወሩ ልትከፍል ትችላለህ» ይለዋል። ተከራዩ በየወሩም ብከፍል ፈቃዴ ነው ብሎ ይሰማል፤ አከራዩ ግን የሦስት ወር ክፍያ አንድ ላይ ይጠብቃል። ወሩ ሲደርስ አንዱ ሌላውን ቃለ አባይ ይለዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ብድር በጽሑፍ እንዲሰፍርና ምስክር እንዲቆምበት ማዘዙን ስናይ፣ የሰውን ሐሳብ ማወቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ፈጣሪያችን እንደሚያውቅልን እንረዳለን። መጻፉ ባልንጀራን መጠርጠር አይደለም፤ ለነገ ጠብ በር መዝጋት ነው።

ያልተባለውን መስማት

እስካሁን ያየነው የተባለው ነገር ሲዛባ ነው። ያልተባለውስ? አንድ ሰው ጎረቤቱን «ልጅህ ዛሬ በጊዜ ገባ» ቢለው፣ አባትየው «ሌላ ቀን ያመሻል ማለትህ ነው?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ተናጋሪው ስለ ሌላ ቀን አልተናገረም፤ ነገር ግን ሰሚው የሰማው እርሱን ነው።

የኡሱል ዑለማዎች ይህንን መፍሁሙል ሙኻለፋ ይሉታል። አንድ ነገር በአንድ ሁኔታ ተለይቶ ሲነገር፣ ያ ሁኔታ በሌለበት ፍርዱ ተቃራኒ ይሆናል ብሎ መረዳት ማለት ነው። ሻፊዒዮችን ጨምሮ ብዙዎቹ ዑለማዎች በቅድመ ሁኔታዎች ተቀብለውታል፤ ሐነፊዮች ግን በሸሪዓ ጥቅሶች ላይ ማስረጃ አድርገው አልያዙትም። ከተቀበሉትም መካከል ነገሩ ተለይቶ የተጠቀሰው በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ የጠያቂን ጥያቄ ለመመለስ ወይም የተለመደውን ለመጥቀስ ብቻ ከሆነ፣ መፍሁሙ አይሠራም ብለዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፉ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አስተምሯል። ከንግግር የምንገምተው ነገር ቃሉ ራሱ ከሚለው የተለየ ነው፤ ተናጋሪው «እንዲህ ማለቴ አይደለም» ብሎ ሳይቃረን ሊሰርዘው ይችላልና። ጎረቤትየው «ሁልጊዜም በጊዜ ነው የሚገባው፤ ዛሬም ገባ ማለቴ ነው» ቢል አልዋሸም። ስለዚህ የግምት ትርጉም ያለው የማስተባበያ ዕድል ለተናጋሪው እስከተሰጠው ድረስ ነው። ሳንጠይቅ ከፈረድንበት ግን የፈረድነው በራሳችን ግምት ላይ ነው።

ከዚህ የሚሰፋ አንድ መርሕም አለ። በዑለማዎች ዘንድ ላዚሙል መዝሀብ ለይሰ ቢመዝሀብ ይባላል። ከአንድ ሰው አቋም ተከትሎ የሚመጣ ነገር የሰውየው አቋም ነው አይባልም፤ ራሱ ካልተቀበለው በስተቀር ማለት ነው። ይህ እጅግ ትልቅ ትምህርት ነው! በሎጂክ ረገድ ሀ እውነት ከሆነ ለ እውነት መሆኑ ግድ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሀን የሚያምን ሰው ለን ያምናል ማለት ግን አይቻልም። ምናልባት መከተሉን አላስተዋለ ይሆናል። ምናልባትም ቢነገረው ሀን ራሱን ይተወው ይሆናል። ስለ ሐሳቡ «ይህ አባባልህ ወደዚህ ያደርሳል» ብለን ልንሞግተው እንችላለን፤ ስለ ራሱ ግን «እገሌ ይህንን ያምናል» ብለን ልንመሰክርበት አንችልም። የመጀመሪያው ክርክር ነው፤ ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

አዲስ አበባችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር የሚረዳዱባት ከተማ ናት። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ሁሉም ይሰበሰባል። አንድ ሙስሊም ጎረቤቱን ለማጽናናት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ቢታይ፣ «ሥርዓታቸውን ተቀብሏል» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲሁም ክርስቲያኑ ጎረቤት የቀረበለትን ሥጋ አልበላም ባለ ጊዜ «ናቀን» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ላዚምን መዝሀብ ያደረጉ ናቸው። የታየው ሥራ አንድ ነው፤ ከሥራው በስተጀርባ ሊኖር የሚችለው ሐሳብ ግን ብዙ ነው።

ልብን ከፍቶ ያየ ማን ነው?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የሆነ አንድ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምረናል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) በአንድ ዘመቻ ላይ ከጠላት ወገን አንዱን ሰው ሲደርስበት፣ ሰውየው ላ ኢላሀ ኢለላህ አለ። ኡሳማም ገደለው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተነገረ ጊዜ ይህንን ቃል ከተናገረ በኋላ ነው ወይ የገደልከው? ብለው ጠየቁት። መሣሪያውን ፈርቶ ነው የተናገረው አለ። እርሳቸውም ከልቡ ብሎት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ታውቅ ዘንድ ልቡን ከፍተህ አየህን? አሉት። ይህንንም ደጋገሙበት፤ ኡሳማ በዚያን ቀን ገና የሰለመ በሆነ ኖሮ ብሎ እስኪመኝ ድረስ። ታሪኩን ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል።

የኡሳማ ግምት ሞኝነት አልነበረም። ሰይፍ ከአንገቱ በላይ ያየ ሰው የሚያድነውን ይናገራል ማለት ማንም የሚገምተው ነው። ምናልባትም ልክ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን የሚመስል ነገር ከሚታወቅ ነገር ጋር እኩል አይደለም፤ በሚመስል ነገር ደግሞ ደም አይፈስም። እኛ የምናየው ውጫዊውን ነው፤ ውስጡ የአላህ ነው።

ሌላው ታሪክ ከአሕዛብ ዘመቻ በኋላ የሆነ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦቻቸውን ወደ በኒ ቁረይዛ ሲልኩ ዐስርን በኒ ቁረይዛ ዘንድ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይሰግድ አዘዙ። በመንገድ ላይ ሰዓቱ ደረሰ። ገሚሶቹ ካልደረስን አንሰግድም አሉ። ገሚሶቹ ደግሞ ነቢዩ ሊሉን የፈለጉት እንድንፈጥን ነው እንጂ ሰላቱን እንድናሳልፍ አይደለም ብለው ሰገዱ። አንዱ ወገን ቃሉን ያዘ፤ ሌላው ወገን ዓላማውን ያዘ። በኋላ ነገሩ ለነቢዩ ሲነገር ከሁለቱ አንዱንም አልወቀሱም። ይህንን ቡኻሪ ዘግበውታል። የምናስተውለው ሁለቱም ወገኖች ትእዛዙን ለመፈጸም የተጉ እንደነበሩ ነው። እርስ በርሳቸውም አንዱ ሌላውን ከሃዲ ወይም ግትር አላለም። ቅን ሰዎች አንድ ቃል ሰምተው ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

መልካም ግምትና ገደቡ

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፉ ቋንቋውን ጨርሶ የማናውቀውን ሰው ንግግር እንዴት ልንፈታ እንችላለን? ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰውየው በአብዛኛው እውነት የሚናገርና ሐሳቡ እርስ በርሱ የሚስማማ ሰው ነው ብለን ካልተነሳን አንዲት ቃሉን እንኳ ልንፈታ አንችልም። ዝናብ ሲዘንብ የሚናገረውን ቃል ስለ ዝናብ ነው ብለን የምንወስደው እንደማይዋሽ ስለምንገምት ነው። ስለዚህ መልካም ግምት ቸርነት ብቻ ሳይሆን የመረዳት መነሻ ነው።

እኛ ዘንድ ሑስኑ ዘን፣ ማለትም መልካም ግምት፣ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ ከፊሉ ወንጀል ነውና። የፈላስፋው ትምህርት በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምርልናል። ክፉ ግምት ወንጀል ብቻ ሳይሆን መደንቆርም ነው። ባላንጣው ሁልጊዜ ይዋሻል፣ ሁልጊዜ ያሤራል ብሎ የተነሳ ሰው፣ ከባላንጣው አፍ የሚወጣውን አንድም ነገር ሊሰማ አይችልም። የሚሰማው የራሱን ፍርሃት ነው።

ታዲያ የተባለውን ሁሉ እንመን ማለት ነው? አይደለም። በዚያው ሱራ 6ኛው አንቀጽ ላይ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። ሁለቱ ትእዛዞች አይጋጩም። መልካም ግምት ስለ ተናጋሪው ሐሳብ ነው፤ ማጣራት ደግሞ ስለ ወሬው እውነትነት ነው። ምኒልክ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። የ17ኛውን አንቀጽ ጉዳይ ሲሰሙ በመጀመሪያ ስሕተቱ እንዲታረም ጠየቁ፤ ሌላው ወገን ስሕተቱን ይዞ ሊጠቀምበት እንደፈለገ ሲረጋገጥ ነው ውሉን ያፈረሱት። የመልካም ግምት ገደቡ ይህ ነው። ሰውየው ተጠይቆ ሐሳቡን በግልጽ ካረጋገጠ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ «ሌላ ማለቱ ይሆናል» እያልን ራሳችንን ማታለል የለብንም።

ይህ ነገር ዛሬ ለከተማችን ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሳቢያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ሄደዋል። አብሮ የኖረ ጎረቤት የጎረቤቱን ቃል የሚፈታበት የዓመታት ቁልፍ አለው። የማን ቀልድ እንደሚከር፣ የማን ዝምታ ኩርፊያ እንዳልሆነ፣ ማን ሲቆጣ ድምፁ እንጂ ልቡ እንደማይጮህ ያውቃል። በአዲስ ሰፈር ግን ይህ ቁልፍ ገና የለም። የሁሉም ሰው ቃል ለጊዜው እንግዳ ቃል ነው። እንግዲህ ወሬ የሚነግሠው፣ የአንዱ ንግግር ተቆርጦ ለጠብ የሚውለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰው ንግግር ሲደርሰን ከፍርዳችን በፊት አራት ነገሮችን እንጠይቅ።

1ኛ. ያለው ይህንኑ ነው ወይ? ሙሉውን ሰምቻለሁ? ወይስ ቁራጩ ነው የደረሰኝ?

2ኛ. ቃሉ ሌላ መንገድ የለውም ወይ? ይቻላል ያለውን ግድ ነው፣ ሁሉም አይደለም ያለውን አንድም የለም አድርጌ አልሰማሁትምን?

3ኛ. ያለውን ነው የምይዘው? ወይስ ካለው ተከትሎ ይመጣል ብዬ ያሰብኩትን?

4ኛ. እርሱን ራሱን ጠይቄዋለሁ?

አራተኛው ከሁሉም የቀለለ ነው፤ ከሁሉም የሚረሳውም እርሱ ነው። «ወንድሜ፣ ምን ማለትህ ነው?» የምትል አጭር ጥያቄ ስንት ትዳር፣ ስንት ጉርብትና፣ ስንት ጀመዓ ታድን ነበር! ጠይቀን የተሰጠን መልስ ባያስደስተን እንኳ፣ ቢያንስ የምንቃወመው ሰውየው በእርግጥ የተናገረውን ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ንግግርን ሰምተው መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።